የፎርማኑ ፊሽካ

ከበበው ጎፋ ባለ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ፊሽካ እየነፋ ሠራተኛ ያሠራ ፎርማን ነው። በሰማንያ ስምንት ዓ.ም. ግን ሙፊዳ የምትባል ወጣት አለቃ ተሾመችበትና ቅናት አንጀቱን ያሳርረው ጀመር። እሷ እቴ! አትጮህ፣ አትቆጣ፤ ማሽን ሲበላሽ በርጩማ ስባ ከሰፊዎቹ ጎን ቁጭ ትላለች። እነሱም «ሙፊድዬ» እያሉ ይሞቱላታል። እሱን አንድ ቀን እንኳ «ከቤ» ያለው የለም።

አንድ ጠዋት ሙፊዳ ለቅሶ ሄደች። ከበበው፣ «ዛሬ ጉዷ ይታያል፤ ያለ ፊሽካ ማን ሊሠራላት!» እያለ ሲገባ ማሽኑ ሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ ይንጣጣል። ንድድ ብሎት ጉንጩ እስኪያብጥ ነፋ።

ሰፊዋ ትሩፋት ደንግጣ ቀና አለች። «ጋሽ ከበበው፣ ምነው? ሌባ ገባ እንዴ?»

«አዎ፣ ከገባች ስድስት ወሯ ነው!» ሊላት ዳዳውና ፊሽካውን ነከሰ።