የሸዋ ሮቢት ሙቀት

አለቃዬ ዶክተር ገሠሠ ስሜን ከጥናቱ አወጣው። ዓመት ሙሉ የለፋሁበትን የባክቴሪያ ጥናት በራሱ ስም ብቻ አሳተመው። ሰው ስለ እኔ ሲጠይቀው፣ «ኑርሃን? እሷማ ሳህን ታጥብልኛለች» ማለቱን የነገረችኝ ደብረ ሲና ላቦራቶሪ አብራኝ የምትሠራው መሠረት ናት።

የጻፈው ውሸት አይደለም፤ ግማሽ ነው። ባክቴሪያ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን መገልበጥ አለበት። የእኛው ግን የተጠማዘዘውን ክር የሚፈታው ፕሮቲን ጂን ላይ አንዲት ፊደል ተቀይራበታለች። ስለዚህ ቀስ ብሎ ይራባል ይላል ጥናቱ።

ሌላውን ግማሽ ያገኘሁት በስህተት ነው። ለዓረፋ ቤተሰቦቼ ጋ ሸዋ ሮቢት ስወርድ፣ የሚከታተልልኝ ስላልነበረ ባክቴሪያውን የዘራሁባቸውን ሳህኖች በካርቶን ይዤ ሄድኩ። ቆላው ላይ አንድም አልበቀለም። አበላሸሁት ብዬ አለቀስኩ። ደብረ ሲና ስመልሳቸው ግን በሁለት ቀን የባክቴሪያው ነጠብጣብ ሞላባቸው። ለካ ሙቀት ሲበረታ ያ ፕሮቲን ቅርጹን ያጣል፤ ግልበጣውም ቀጥ ይላል። አምስት ጊዜ ደገምኩት። ለዶክተር ገሠሠ ጽፌ ብሰጠው፣ «የበዓል ወሬሽን እዚህ አታምጪ» ብሎ ወረቀቱን ቀዶ ጣለው። ከቅርጫቱ አንስቼ በፕላስተር አጣበቅኩት።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ለሚከፈተው ላቦራቶሪ ዶክተር ገሠሠን ኃላፊ ሊያደርጉት፣ ሥራውን የሚያዩ ገምጋሚዎች እዚያው ሊመጡ ሆነ።

«ሰኞ አዲስ የተዘሩትን ሳህኖች አውርጂልኝ። ረቡዕ ባክቴሪያው አድጎ ያዩታል» አለኝ።

«እሺ ዶክተር፣ እንዳሉ።»

መሠረት ወደ ጎን ሳብ አድርጋ፣ «አትነግሪውም እንዴ?» አለችኝ።

«ነግሬው ነበር እኮ።»

ረቡዕ፣ በዚያ በሚያቃጥል አዳራሽ፣ በሰው ፊት የመጀመሪያውን ክዳን ከፈተ። ባዶ። ሁለተኛውም ባዶ። ስድስቱንም ከፈተ። ወላሂ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ፕሮፌሰር ቆንጅት፣ «ምን ሆኖ ነው?» አሉት።

ዓይኑ እኔን ፈለገ። «ኑርሃን ታስረዳለች።»

ተነሳሁ። «እኔ ሳህን አጣቢ ነኝ፤ ጥናቱ ላይ ስማቸው ያለው ዶክተር ያስረዱ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ክዳኖቹን አንድ በአንድ መልሶ ገጠማቸው።

ሳህኖቹን በዚያው ቀን በሚኒባስ ደብረ ሲና አወጣኋቸው። ዓርብ ስድስቱም ሞልተው ነበር። አላጠብኳቸውም። በየክዳኑ ስሜን ጻፍኩና ተቀዶ ከተጣበቀው ወረቀት ጋር ለፕሮፌሰሯ ላክሁ።