የሰቦቃ ምንሽር

ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ አባርቶ ወሎ ሰፈር በጭቃና በጉም ተውጣለች። ሂካ ጠመንጃ መጠገኛው ቤት ውስጥ የምንሽሩን ሰደፍ በተልባ ዘይት እያሸ ሳለ ስልኩ ጠራ። አክስቱ አልጣሽ ናት።

"ሂኬ፣ ሌንጮ አረፈ" አለችው። "ሌሊት ነው። ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት፣ እዚሁ ሰንዳፋ። አባትህ መሣሪያውን ሊወስድ ወዳንተ እየመጣ ነው።"

"ዛሬውኑ?"

"ታዲያ ዛሬ ለሚቀበር ሰው ነገ ሊተኮስለት ነው?"

ሂካ ጨርቁን አስቀመጠ። አባቱ ሰቦቃና አጎቱ ሌንጮ ገርጂ ላይ ሲያርሱ ኖረው፣ አርጅተውም ያልረሱት አንድ ቃል ነበራቸው፦ ቀድሞ የሚሄደውን የቀረው በአባታቸው ምንሽር ተኩሶ ይሸኘዋል። መሬቱ ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። ከአባታቸው የተረፈው ይኸው ምንሽር ብቻ ነው። የተረፈውም በሌንጮ ብልሃት ነው። መንግሥት ተለውጦ መሣሪያ ሲለቀም፣ "ፈታሽ እበት አይዝቅም" ብሎ በላስቲክ ጠቅልሎ ከበረቱ ሥር ቀበረው። ከዓመታት በኋላ ሲወጣ ሰደፉ በስብሶ ነበር። በሰቦቃ ስም ፈቃድ ወጣለት እንጂ አንድም ቀን አልተተኮሰም።

ሂካ የሚኒባስ ሾፌርነቱን ትቶ ጠመንጃ ጠጋኙ እንድሪስ ዘንድ ሙያ ልማር ብሎ የገባው ለዚሁ ምንሽር ነው። ለእንድሪስ ግን ይህን አልነገረውም። ለአንድ ጠመንጃ የመጣ ሰው አንዱን ጠግኖ ይሄዳል ብሎ እንዳይመልሰው ፈራ። "ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የአባቴ ዕቃ አለ፤ እንጨት ልለማመድበት" ብሎ ነበር ያመጣው።

ከዚያ ወዲህ ዓመት አልፏል። ዓመቱን ሙሉ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቤት ውስጥ ያው አንድ ቁራጭ ብረት ሞርሳ የሚሉት መያዣ ላይ ታስሮ ይጠብቀዋል። ሂካ ይሞርዳል፤ እንድሪስ ስኳድራ የሚሉትን የማዕዘን መለኪያ ብረቱ ላይ አቁሞ ወደ በሩ ያነሣዋል። በሁለቱ መካከል የፀጉር ያህል ብርሃን ካየ ብረቱን ይመልስለታል። "ብርሃን ገባ። እንደገና።" ሌላ ትምህርት የለም። ሂካ ሲመረው በየማታው ወደ ምንሽሩ ይዞር ነበር። ከዋንዛ አዲስ ሰደፍ ጠረበለት፤ የብረቱንም ውጪ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ እንደ መስተዋት አበራው። በዚህ ቤት የሠራሁት ብሎ የሚያሳየው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

"ጋሽ እንድሪስ፣" አለ አሁን፣ "ምንሽሩ ዛሬ ይተኮሳል።"

እንድሪስ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። ከወሎ በልጅነቱ መጥቶ በዚህ ሙያ የሸበተ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው።

"የግድግዳው?"

"አጎቴ ሞቷል። አባቴ ሊተኩስለት ነው።"

"አላህ ያጥናችሁ" አለና ምንሽሩን ተቀበለው። ጥይት እንደሌለበት አየ፤ የጥይቱን መቆለፊያ መዘዘ፤ ዘንግ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ በአፈሙዙ ሰደደ። ጨርቁ እንደ በርበሬ ቀልቶ ወጣ። ሌላ ጨርቅ ሰደደ፤ እሱም ቀላ። ከዚያ ጠመንጃውን ወደ በሩ ብርሃን አቀናና "ና፣ እይ" አለው።

ሂካ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተመለከተ። ለስልሶ ማብረቅረቅ የነበረበት የብረቱ ሆድ ፈንጣጣ እንደጠባሰው ፊት ተቦርቡሯል። ጥይቱ ከሚቀመጥበት ቦታ ፊት ለፊት ያለው ጉድጓድ ደግሞ የጤፍ ፍሬ የሚውጥ ጥቁር ነበር።

"የት ነው የከረመው?"

"በረት ሥር። አጎቴ ቀብሮት።"

"ዛሬ የሞተው?"

"እሱው።"

እንድሪስ ራሱን ነቀነቀ። "የከብት ሽንት ነው የበላው። አንተም ውጪውን ስትፈትግ የተረፈውን ሥጋ ቀነስክለት።"

"ዓመት ሙሉ ይሄን ቁራጭ ብረት ሲያስሞርዱኝ" አለ ሂካ፤ ድምፁ እየጨመረ ሄደ፣ "አንድ ቀን 'ውስጡን እይ' ቢሉኝ ምን ነበር?"

"አንድ ቀን 'ይተኮሳል' ብትለኝ ምን ነበር?"

ሂካ ሞረዱን አንሥቶ ወረወረው። ግድግዳውን መትቶ ወደቀ። እንድሪስ ሄዶ አነሣው፤ በሸሚዙ ጠርጎ ቦታው ላይ መለሰው።

"አንድ ጥይት ነው፣ ጋሽ እንድሪስ። አንድ ብቻ።"

"የሚፈነዳውም በአንድ ነው። ጉንጩን አስደግፎ ነው የሚተኩስ፣ አባትህ።"

በእንድሪስ ቤት ሊተኮስ የማይገባው ጠመንጃ ያለ መርፌ ነው የሚወጣው። መርፌ የሚሉት ጥይቱን ከኋላ የሚመታውን ቀጭን ብረት ነው። መደርደሪያው ላይ በእንደዚህ ዓይነት መርፌዎች የተሞላ የሻይ ቆርቆሮ አለ። እንድሪስ ቆርቆሮውን አውርዶ ሂካ ፊት አኖረው። "ደንበኛው ያንተ ነው" ብሎ ወደ ራሱ ሥራ ዞረ።

ሂካ አልነካውም። ጠመንጃውን መልሶ ገጣጠመና እያየው ቆመ። ገና ቆሞ ሳለ ሰቦቃ ገባ። የቦሌ መንገድ ከተቆፈረ ወዲህ ላዳ እስከዚህ ስለማይገባ ከአስፋልቱ በእግሩ መጥቷል፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል፤ ጋቢውን ለኀዘን አጣፍቷል። ዓይኑ ቀድሞ ምንሽሩ ላይ አረፈ። ሰደፉን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ደገመው።

"የአባቴ እጅ ያደረበት ይመስላል" አለ። ከመሐረብ ውስጥ አንድ ጥይት ፈትቶ አወጣ። "እንሂድ፤ ላዳው ቆሟል።"

"አባዬ፣ አይተኮስም።"

"ማን ሊከለክል? ፖሊስ? ሰንዳፋ ነው እኮ፤ ቦሌ መሰለህ?"

"ብረቱ ነው። ውስጡ ተበልቷል። እየው።"

ሽማግሌው መቆለፊያውን መዝዞ ጠመንጃውን ወደ በሩ አቅንቶ አየ። "ብርሃን አያለሁ። ወዲያ ማዶ ድረስ ይታያል። ብርሃን ካለ ምን ጎደለው?"

ሂካ ዓመቱን ሙሉ ብርሃን ጉድለት ነው ሲባል ነበር የከረመው። "ይፈነዳል፣ አባዬ" አለ። "እጅህ ላይ።"

"ታዲያ አንተ እዚህ ምን ስትማር ነው የከረምከው?"

ሂካ እንድሪስ ያወጣውን የቀላ ጨርቅ አንሥቶ አሳየው።

"ምንድን ነው የበላው?" አለ ሰቦቃ። "ሌንጮ እንደ ልጁ ጠቅልሎ ያኖረውን ብረት ምን በላው?"

እንድሪስ ከሥራው ቀና አለ። ሂካ አየው፤ ከዚያ አባቱን አየ።

"ዕድሜ ነው" አለ።

እንድሪስ ወደ ሥራው አጎነበሰ።

"ይፈንዳ" አለ ሰቦቃ። "ቃል ነው። ወንድሜን እንደ ባዳ ልቅበረው?" መቆለፊያውን መልሶ ምንሽሩን ሊያነግት ማንገቻውን ያዘ።

ሂካ ጠመንጃውን ከአባቱ እጅ በቀስታ ወሰደ። መቆለፊያውን መዘዘ፤ በመፍቻ ፈታው፤ መርፌውን አወጣ። 

"ምን እያደረግህ ነው?"

"መርፌውን እያወጣሁ።"

"መልሰው።"

"አልመልስም።"

"አባትህ ነኝ እኮ የማናግርህ።"

"ለዚያ ነው።"

ከአስፋልቱ በኩል የላዳው ጥሩምባ ተሰማ። ሰቦቃ ጥይቱን በመሐረቡ መልሶ ቋጠረው። ሂካም መቆለፊያውን ያለ መርፌው ገጥሞ ጠመንጃውን ሰጠው።

"ጋሽ ሰቦቃ" አለ እንድሪስ፣ "በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ጠመንጃ ዘቅዝቀው ነው የሚይዙት።"

"በእኛም" አለ ሰቦቃ። ምንሽሩን አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ አነገተና ማንንም ሳይጠብቅ ወደ ጭቃው ወጣ።

ሂካ መርፌውን ቆርቆሮው ውስጥ ጣለ፤ ሽርጡን ፈትቶ ሞርሳው ላይ ሰቀለና አባቱን ተከተለ።

ሌንጮ በዘጠኝ ሰዓት ተቀበረ። አልተተኮሰም።