ሁለት መኪናና አንድ ድንጋይ

ትንቢት ነጯን አውቶሞቢል የወደደቻት ገና ሳትነካት ነው። ፎቶዋን ስልኳ ላይ ለጥፋ፣ አሰላ ውስጥ ያላሳየችው ጓደኛ የለም። አባቷ እንደሻው አሮጌ ሚኒባሱን ሸጦ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ነው፤ የነዳጅ ሰልፍ አንገሽግሾታል። አሥራ ሁለተኛን ስትጨርሺ መንዳት አስተምርሻለሁ ብሏት ነበር፣ ይኸው ጨርሳለች። የቀረው መምረጥ ብቻ ነው፤ ዝቅ ያለችው አውቶሞቢል ወይስ ከፍ ያለው ኤስዩቪ?

አሻሻጩ ጀዋር የሁሩታ ልጅ ነው፣ ምላሱ አያርፍም። "ጋሽ እንደሻው፣ አውቶሞቢሏ ባትሪ ቆጣቢ ናት። ኤስዩቪው ደግሞ ለጎበሳ መንገድ ነው። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ሁለቱንም እሸጣለሁ።"

ጎበሳ መንገድ ላይ ያሉት የእንደሻው አባት፣ አባባ ሀብተ ማርያም ናቸው። አምና ከፈረስ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። አጥንቱስ ገጠመ፤ ግን በየሁለት ሳምንቱ አሰላ እየመጡ የእግር እንቅስቃሴ ካልሠሩ ቀስ በቀስ አልጋ ላይ ይቀራሉ ብሏል ሐኪሙ። እሳቸው አንድ ቀን ብቻ ሄዱ። ያን ቀን ከሚኒባሱ አራት ሰው ተሸክሞ አወረዳቸው። "ከእንግዲህ እንደ ገብስ ጆንያ የሚጭነኝ የለም" ብለው ቤታቸው ቁጭ አሉ። እንደሻው መኪና ሲያስብ የሚያስበው እሳቸውን ነው።

በመጀመሪያው እሁድ እንደሻው፣ ትንቢትና ጀዋር አውቶሞቢሏን ለሙከራ ይዘው አባባ ጋ ሄዱ። አባባ በምርኩዛቸው ወጥተው አንዴ ዞሯት፤ ከዚያ የማያውቁትን ፈረስ አንገት እንደሚደባብስ ሰው ግንባሯን መታ መታ አደረጉ።

"ተነስቷል?"

"ተነስቷል አባባ" አለ ጀዋር።

"ታዲያ ምነው ዝም አለ? ታሟል?"

"ጨዋ ሆኖ ነው።"

አባባም ሳቁ። ገብተው ተቀመጡ፤ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ተመለሱ። መውረዱ ነው ጉዱ። ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደርሷል። አንዴ ሞከሩ፣ ሁለቴ ሞከሩ፣ በመጨረሻ እንደሻውና ጀዋር ብብታቸው ገብተው ጎትተው አወጧቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉና "ጥሩ መኪና ነው፤ ለእናንተ" ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ሲመለሱ ትንቢት ብቻ ናት ያወራችው። "ትራስ ቢደረግበትስ አባዬ?" የጠየቀችው ለማን እንደሆነ ታውቀዋለችና አፍራ ወደ ስንዴው ማሳ ዞረች።

በሚቀጥለው እሁድ ኤስዩቪው ተራው ሆነ። አባባ የወንበሩን ጀርባ እንደ ኮርቻ ጨብጠው፣ እርካብ እንደሚረግጥ ሰው እግራቸውን አነሱ። አልደረሰም። ደገሙት፣ ፊታቸው ጠቆረ።

"አባባ፣ መጀመሪያ ጀርባዎን ሰጥተው ይቀመጡ፣ ከዚያ እግርዎን ያስገቡ" አለች ትንቢት።

"ለማላውቀው እንስሳ ጀርባዬን ልስጥ?"

"ሱታ አባባ፣ ቀስ ብለን" ብሎ ጀዋር ሊደግፋቸው ሲጠጋ ምርኩዛቸውን አነሱበት። "እጅህን ሰብስብ።" እንደሻው መሬት መሬት ያያል።

ያኔ ትንቢት ድንጋዩን አየችው። በግቢው በር ጎን ሣር የወረሰው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ አባባ አርባ ዓመት ሙሉ እሱ ላይ ቆመው ነው ፈረስ ሲወጡ የኖሩት። ከሷ በቀር ወደዚያ ያየ የለም። ይሄኛውም እምቢ ካላቸው፣ አባዬ አውቶሞቢሏን በትራስ ይገዛል። አውቶሞቢሏ ጋ ደግሞ ድንጋዩ ምንም አይረዳም፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ነው። ትንቢት ዓይኗን ከድንጋዩ መለሰች። ትንሽ ቆይታ አባባን አየቻቸው፤ ወደ ቤት መለስ ሊሉ ነው።

"ጀዋር፣ መኪናውን ወደ ድንጋዩ አስጠጋው" አለች።

አባባ ድንጋዩን አዩት። ከዚያ በምርኩዛቸው ሣሩን ገፋ ገፋ አድርገው ወጡበት። አሁን ወንበሩ ወገባቸው ጋ ነው። ጎናቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፤ እግራቸውን አንድ አንድ እያነሱ አስገቡ። ማንም አልነካቸውም።

"እሺ፣ አሰላስ? እዚያ ማን ድንጋይ ተከለልኝ?"

"መውረዱ ላይ እግርዎ ራሱ መሬት ይደርሳል" አለች ትንቢት። "ለመውጣት በርጩማ እይዛለሁ።"

"አንቺ?"

"እኔ።"

"በየሁለት ሳምንቱ? ሰው እያየሽ?"

የሐኪም ቤቱ በር ታያት፤ የክፍሏ ልጆች የሚቆሙበት ነው። "በየሁለት ሳምንቱ" አለች።

እንደሻው ዞር ብሎ አያት። "አውቶሞቢሏስ?"

"ሌላ ሰው ይግዛት።" ይህን ስትል ስልኳን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ ይዛዋለች፤ የአውቶሞቢሏን ፎቶ ገና አላጠፋችውም።

አባባ የመኪናውን ዳሽቦርድ በመዳፋቸው ሁለቴ መታ መታ አደረጉና ዝቅ ባለ ድምፅ "ቼ" አሉት። ጀዋር ፔዳሉን ቀስ ብሎ ረገጠው፤ መኪናው ትንፍሽ ሳይል ተነሳ።

"ሰማኝ" አሉ አባባ።