የክላይቭ ፊተ ቢጫዎች

«ወፎቹን ከትናንት ጀምሮ ያያቸው ሰው የለም» አለች ጆይስ፣ ጎረቤት ያመጣችውን የፓስታ ትሪ ማቀዝቀዣው ውስጥ ቦታ እየፈለገችለት። «ሜርቭ፣ እባክህ አንተ ግባላቸው።»

ሜርቭ የያዘውን ስኒ ቁልቁል አየ። ታናሽ ወንድሙ ክላይቭ ልቡ ቀጥ ብሎ ከሞተ ገና አንድ ቀኑ ነው። እንግዳ ይገባል፣ እንግዳ ይወጣል፤ የሁሉም ወሬ አንድ ነው፤ ደግ ሰው ነበር፣ ወፍ ይወድ ነበር። ሜርቭም አብሮ ራሱን ይነቀንቃል። ከጓሮ ወዳለው የወፎች ቤት እግሩን ካነሳ ግን ዓመታት አልፈዋል። ጆይስ ከሰው ሁሉ መርጣ የባሏን ወፎች ለእሱ መስጠቷ አስደነገጠው፤ እምቢ የሚልበት አፍ ግን አልነበረውም።

በሩ ሲከፈት ትንንሾቹ በቀቀኖች ጌታቸው የመጣ መስሏቸው በአንድ ጊዜ ተንጫጩ። እህላቸውን ሞላ፣ ውኃቸውን ቀየረ። ጥግ ላይ ለብቻቸው የተዘጋባቸው ጥንዶች አሉ፤ ወንዱም ሰማያዊ፣ ሴቷም ሰማያዊ፣ የሁለቱም ፊት ነጭ። የመፈልፈያ ሳጥናቸውን ክዳን ገለጥ አደረገ። ላባ ማብቀል የጀመሩ ጫጩቶች ተደራርበው ተኝተዋል። ገላቸው ሰማያዊ ነው፤ ፊታቸው ግን ቢጫ፣ የሁሉም ቢጫ። ክዳኑን መልሶ ዘጋና የእህሉን ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠበት።

ከዓመታት በፊት በሚልዱራ ከተማ የወፍ አርቢዎች ክለብ ዓመታዊ ውድድር ላይ ዳኛው ሜርቭ ነበር፤ በቀለም ጉዳይ ከእሱ ቃል በኋላ ቃል የለም። ክላይቭ ፊተ ቢጫ ጫጩቶች ይዞ መጥቶ፣ እናታቸውም አባታቸውም ፊተ ነጭ መሆናቸውን ደረቱን ነፍቶ ሲያወራ፣ ሜርቭ ሰው ሁሉ እየሰማ ሳቀበት። ከሁለት ነጭ ቢጫ አይወለድም፣ እነዚህን ከሌላ ሰው ጎጆ ነው ያመጣሃቸው አለው። የክላይቭ ፊት ቀላ። «ና ቤቴ፣ ጎጆአቸው ድረስ ገብተህ እይ» አለው። ሜርቭ አልሄደም። ክላይቭ ወፎቹን ሰብስቦ ወጣ፤ ክለቡንም በዚያው ተወው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በገና ምሳ ላይ ተገናኝተው ስለ ዝናብና ስለ ወይኑ ምርት ከማውራት አያልፉም ነበር።

ስህተት ብቻ ቢሆን ይቀለው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሜልቦርን በተደረገ የአርቢዎች ስብሰባ ላይ አንዲት አሮጊት ነገሩን እንደ ዋዛ ሲያስረዱ ሰማ። ከፊተ ቢጫ ዓይነቶች አንዱ ተንኮለኛ ነው አሉ። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ወፍ ፊቱ ቢጫ ይሆናል፤ ከእናትም ከአባትም የወረሰው ግን፣ የማይመስል ቢመስልም፣ ፊቱ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ይህን ከተራ ፊተ ነጭ ጋር ቢያጣምሩት ጫጩቶቹ በሙሉ ፊተ ቢጫ ናቸው። ሜርቭ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ቅዳሜ ሄጄ እነግረዋለሁ እያለ ቅዳሜን በቅዳሜ ለወጠ። ዳኝነቱን ወደደ፣ የሰው ፊት ፈራ፣ በመጨረሻም ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው።

ወደ ወጥ ቤቱ ሲመለስ የክለቡ ሰዎች መጥተው ነበር። ጸሐፊው ኔቭ ሳንድዊቹን እያኘከ ተጠጋው።

«ደግ ሰው ነበር፤ በእነዚያ ጫጩቶች ራሱን ባያቀል ኖሮ» አለ በሹክሹክታ፣ በክርኑ ጎሸም እያደረገው። «አንተ ግን ወንድሜ ብለህም አልማርከውም፣ አንተ ጉድ።»

ሻይ የምትቀዳው የጆይስ እጅ ቆም አለ፤ ከዚያ መቅዳቷን ቀጠለች። ሰምታለች። ሜርቭ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አሁን እንኳ ዝም አለ፤ ይህ ዝምታው ደግሞ ከድሮው ሁሉ ባሰበት።

እንግዳው ሲቀንስ ዕቃ ልጠብልሽ ብሎ ከጎኗ ቆመ።

«ጆይስ፣ ክላይቭ እውነቱን ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም አውቅ ነበር። ካወቅሁ ቆየሁ።»

ጆይስ የምታደርቀውን ሳህን አስቀመጠች። «ማወቅህን እሱም ያውቅ ነበር። ሜልቦርን ነገሩ በተነገረበት ስብሰባ ላይ እንደነበርክ ሰዎች ነግረውታል። ከዚያ በኋላ፣ ድሮ ትመጣበት በነበረው ቅዳሜ ሁሉ ከቤት አልወጣም አለ። ወንዝ ዳር እንውረድ ስለው፣ ሜርቭ ቢመጣስ ይለኛል።»

ሜርቭ እጁ በሳሙና እንደተለወሰ አለቀሰ። ይቅር በይኝ አላት።

«ለእኔ እዚህ ወጥ ቤት ውስጥ አትንሾካሾክልኝ» አለችው፣ ሳትቆጣ። «አንተ ያዋረድከው በሰው ፊት ነው።»

በቀብሩ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ሜርቭ ስለ ልጅነታቸው ሊናገር ተነሳና ያሰበው ሁሉ ጠፋበት። ፊተ ቢጫዎቹ የክላይቭ የራሱ ናቸው አለ። ሳላውቅ በአደባባይ ሌባ አስመሰልኩት፤ ሳውቅ ደግሞ ለክብሬ ብዬ ደበቅኩ፤ ወንድሜ እየጠበቀኝ ሞተ አለ። ስለ ወፍ የማያውቀው ሰው ግራ ገብቶት ተያየ። የክለቡ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ፤ ኔቭ ጣቶቹን ይቆጥር ጀመር። ሜርቭ ተናግሮም አልቀለለውም። ሊሰማው የሚገባው ሰው በሕይወት አልነበረም።

የሬሳ ሳጥኑን የሚሸከሙት ተጠሩ። ወንድም ከፊት ነው ተብሎ ነበር፤ ሜርቭ ግን ኔቭን በቦታው አቁሞ እሱ ወደ ኋላ ሄደ። እዚያ ብሆን የሰው ዓይን አያገኘኝም ብሎ ነው። ጆይስ ከመቀመጫዋ ተነስታ መጣች። እጅጌውን ይዛ፣ እንደ ሕፃን እየመራች ወደ ፊት መለሰችው፤ የተጣመመ ኮሌታውንም አቃናችለት።

«እዚህ ሁን» አለችው። «ወንድሙ አይደለህ?»

የሳጥኑን እጀታ ጨበጠ። ቀና ብሎ ለመሄድ ሞከረ፤ አልቻለም። እንዳቀረቀረ፣ ከፊት ሆኖ፣ ሰው ሁሉ እያየው ወንድሙን ተሸከመ።