ስድስተኛው ጉድጓድ

ከበሮው አልዞር አለ። ነሲባ የሽጉጡን አፈሙዝ ወደ ግንቡ አዙራ ከበሮውን በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው፤ ንቅንቅ አላለም። ትናንት ከልምምድ በኋላ ወዲያው መታጠብ የነበረበት ብረት ከነጥላሸቱ አድሮ ዙሪያውን ቡናማ ዝገት አውጥቷል። የምትክ ባሩድ ጠባይ ይኸው ነው። በጥንቱ ጥቁር ባሩድ ፋንታ ይገዛል እንጂ ጢሱም ጥላሸቱም ከጥንቱ አይተናነስም፤ ጥላሸቱ ደግሞ እንደ ጨው እርጥበት እየጠጣ ብረት ይበላል። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ነበር የዋለው።

ሽጉጡን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ከኋላ በኩል አየችው። ከበሮው ባሩድ የሚሞላባቸው ስድስት ጉድጓዶች አሉት፤ በእያንዳንዱ ጀርባ ባሩዱን የሚለኩስ ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደፋል። የአምስቱ ቆብ ተመትቶ ተበጣጥሷል። የስድስተኛው ግን ድፍን ነው።

ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆቡን በወረንጦ ቀስ ብላ አነሳችው። ከዚያ ጉድጓዱን አየች። ባሩዱን አፍኖ የሚይዘው ውታፍ እንደተጠቀጠቀ አለ። ሽጉጡ እንደጎረሰ ነበር ያደረው። ውሃ አፈሰሰችበት፤ ባሩዱ እስኪርስ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ በኋላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ነሲባ ደሴ ተወልዳ በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ስቶክሆልም የገባች፣ በከተማዋ ዳር ሄሰልቢ ሰፈር ያደገች ሴት ናት። እዚያው ሄሰልቢ ሐይቁ ዳር በየበጋው ሜዳ ላይ ቲያትር ለሚያሳይ አነስተኛ ቡድን ትሠራለች። የመድረክ ዕቃ ኃላፊ ናት፤ ፈቃድ አውጥታ፣ ኮርሱን ጨርሳ የጦር መሣሪያውንም የተረከበችው በዚህ ዓመት ነው። የዘንድሮው ቲያትር ድሮ ወደ አሜሪካ ምዕራብ ስለተሰደዱ ስዊድናውያን ነበርና ፈረስ አለበት፣ ጎተራ አለበት፣ ተኩስ አለበት። ተኩሱ ጥይት የለውም፤ እሳቱና ጢሱ ግን እውነተኛ ነው።

የመጀመሪያው ትርዒት የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። ዋናውን ሽፍታ ሆኖ የሚጫወተው ዮናታን ነው፤ ነሲባን በልጅነቷ ይጠብቋት የነበሩት የእትዬ ውብነሽ ልጅ። ያልዞረው ሽጉጥም የእሱ ነው፤ ጠዋት ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ከተወው ሻንጣ ያገኘችው፣ በፎጣ ተጠቅልሎ። ትናንት ልምምድ ሲያልቅ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠ መጥቶ ሰገባውን አስረክቧታል። እሷም እጇ በሳሙና ተነክሮ ስለነበር ሰገባውን ሳትከፍት ቁምሳጥኑ ውስጥ ቆልፋበታለች። ዛሬ ስትከፍተው ውስጡ ያለው ሽፍታው ተመትቶ ለሚወድቅበት ትዕይንት የተሠራው የላስቲክ ሽጉጥ ነበር።

ለአዘጋጇ ለካሪን ደውላ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት። የእሱንም ጥፋት፣ ሳትከፍት የተረከበችውን የራሷንም። ካሪን ሽጉጡ ለትርዒቱ ይደርስ እንደሆነ ጠየቀቻት።

"ሽጉጡ ይደርሳል" አለች ነሲባ። "ሰውየው ነው ያልደረሰው።"

የመሣሪያ ውሳኔ ያንቺ ነው፣ ግን ራስሽ ንገሪው አለቻት ካሪን። ነሲባም ለዮናታን ዛሬ የሚይዘው ላስቲኩን መሆኑን ጽፋ ላከችለት፤ መጥቶ እንዲያነጋግራትም ጠየቀችው። መልስ አልሰጣትም።

በእሱ ፋንታ እናቱ መጡ።

ውብነሽ ከሄምቸንስት፣ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ ከመንከባከብ ሥራቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ አውቶቡስ ለመያዝ እንኳ ሳይቸኩሉ ነው የሚሄዱት፤ ያን ዕለት ግን ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር የደረሱት። ነሲባ ተነስታ ሳመቻቸው። የነሲባ እናት ሶልና ሆስፒታል በማታ ፈረቃ ስታጸዳ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ተቀብለው የሚያቆዩት እሳቸው ነበሩ። ሥጋ ሲሠራ እንዳትቸገር ብለው ከእስላም ሥጋ ቤት ገዝተው በብቻዋ ድስት ይሠሩላት ነበር። ያንን ድስት ሌላ ሰው አይነካውም።

"ነሲብዬ፣ ለእሱ እህቱ ነሽ" አሉ ውብነሽ ገና ሳይቀመጡ። "ለዛሬ ብቻ እለፊው።"

"እትዬ ውብነሽ፣ ሌላ ነገር ቢሆን እሺ እልዎት ነበር።"

"ሰንበቴው በሙሉ ነው የሚመጣው። ከኡፕሳላም የሚመጡ አሉ። ስንት ቦታ ተፈትኖ፣ ስንቱ አይሆንም ብሎት ያገኛት ዕድል ናት። ላስቲክ ታቅፎ ሲያዩት ምን ይበሉ?"

ነሲባ ነገሩን ታስረዳቸው ጀመር። ሽጉጡ ተደብቆ ማደሩን፣ መዛጉን። ውብነሽ እያዳመጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅ ነው፣ ደስ ብሎት ነው፣ ዝገት ይፀዳል አሉ።

"ደግሞ ጥይት የለውም አይደል? ትናንት ልምምዱን ላይ ብዬ መጥቼ፣ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ እኔኑ ጆሮዬ ሥር ደግኖብኝ ፎቶ ተነስተን ስንስቅ ነበር።"

ነሲባ የያዘችውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"የትኛውን ሽጉጥ?"

"ይሄንኑ ነዋ። እጄም ላይ አስይዞኛል፤ ክብደቱ!"

ጎርሶ ነበር ብትላቸው ቃል ብቻ እንደሚሆንባቸው ገባት፤ ጥይት የለውም የሚለውም ቃል ነው፣ እሱን አምነው ነው የሳቁት። ከቁምሳጥኑ ሌላ ሽጉጥ፣ ትናንት በእጇ ያጠበችውን አወጣች። ለውብነሽ የጆሮ መከላከያ አጠለቀችላቸውና ተከተሉኝ አለቻቸው።

ከዕቃ ቤቱ ጀርባ የመሞከሪያ ቦታ አላት፤ ፊት ለፊቱ የአፈር ክምር ነው። ዘይት ባሩድ ያበላሻልና መጀመሪያ ስድስቱንም ጉድጓዶች በደረቅ ጨርቅ ወለወለች። ከዚያ ባዶውን ሽጉጥ ቆብ ብቻ አድርጋበት ወደ አፈሩ ሞከረችው፤ ጣ፣ ጣ እያለ መንገዱ ክፍት መሆኑን ነገራት። ውብነሽ በዚያች ትንሽ ድምፅ እንኳ ድንግጥ አሉ። በመጨረሻ በአንዱ ጉድጓድ ባሩድ ጨምራ ውታፉን ጠቀጠቀች፤ አንድ የጫማ ካርቶን አፈሩ ላይ አስደግፋ፣ አፈሙዙን ከካርቶኑ አንድ ስንዝር አርቃ ምላጩን ሳበች።

ምድር ተናወጠች። ጢሱ ነጭ ሆኖ ተንከባሎ ሁለቱንም ሸፈናቸው። ሲገፈፍ ካርቶኑ ሆዱ የለም። የተቀደደው የመዳፍ ያህል ነው፤ ዳር ዳሩ ጠቁሮ ይጤሳል። ውታፉ በወዲያኛው በኩል በስቶ አፈሩ ውስጥ ገብቷል።

ነሲባ ሽጉጡን አራግፋ ባዶነቱን ካየች በኋላ የውብነሽን የጆሮ መከላከያ አነሳችላቸው።

"ትናንት በእጃችሁ የነበረው ሽጉጥ አንዱ ጉድጓዱ እንዲህ ጎርሶ ነበር። ቆቡም እላዩ ላይ ነበር። ዛሬ ጠዋት እኔ ነኝ ያወጣሁት።"

ውብነሽ ካርቶኑን አነሱት። ጣታቸውን በቀዳዳው አሾልከው ወዲያና ወዲህ አደረጉት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"እሱ ያውቃል?"

"አያውቅም። ስድስቱንም የተኮሰ መስሎታል።"

"ጆሮዬ ሥር" አሉ ውብነሽ ለራሳቸው። ነሲባ ደግፋ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው፤ ውሃ ሰጠቻቸው። ካርቶኑን ግን አልለቅም አሉ።

ዮናታን የመጣው ተቆጥቶ ነው። አማርኛ ይሰማል እንጂ ሲናደድ የሚናገረው ስዊድንኛ ብቻ ነው። በዚያው በስዊድንኛው ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ሞግዚት ስታዘው መኖሯን፣ አሁን ደግሞ በትልቁ ቀኑ ልታዋርደው መነሳቷን አወረደባት። የሽጉጡን ክብደት ለመልመድ ብሎ እንዳስቀረው፣ በላስቲክ መለማመድ እንደማይቻል፣ አንድ ሌሊት ባይታጠብ ዓለም እንደማይጠፋ ተናገረ። ነሲባ እስኪጨርስ ጠበቀችው። የመለሱለት ግን እናቱ ናቸው። ካርቶኑን አንስተው ጠረጴዛው ላይ ፊቱ አኖሩለት።

"ጆሮዬ ሥር የነበረው ይሄ ነው" አሉት።

ካርቶኑን አየ፤ ነሲባን አየ።

"ስድስቴ ተኩሻለሁ" አለ በአማርኛ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

"አምስቴ ነው" አለች ነሲባ። "በጥላሸቱ ከበሮው ተይዞብህ ስድስተኛው ጋ አልደረሰም። የመጨረሻውን ስትስብ ሌሎቹም አብረው ስለተኮሱ ያንተ የጮኸ መሰለህ። እዚያው አምጥተህልኝ ቢሆን አገኘው ነበር። እኔም ሰገባውን ከፍቼ ቢሆን አገኘው ነበር። ለካሪን ሁለቱንም ነግሬያታለሁ።"

ዮናታን ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ወደ እናቱ ማየት አልቻለም። ውብነሽም አላባበሉትም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ቦታ ልያዝ ብለው ወጡ። ነሲባ ያሰበችውን ነገረችው። እሱ ላስቲኩን ይስባል፤ እሷ ከጎተራው ጀርባ ሆና በሳንቃው ቀዳዳ እያየችው ወደ መሬት ትተኩስለታለች።

"ከእጄ እሳት ካልወጣ ሰው ይስቃል።"

"ይሳቅ።"

ሳቁም። በመጀመሪያው ትዕይንት ዮናታን ምላጩን ሳበ፣ ድምፁ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ዘገየ፣ ከኋላ ወንበር አንዳንድ ሰዎች ሲንፈቀፈቁ ነሲባ ጎተራው ድረስ ሰማች። ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ ወዲያ እጁን ሳይሆን ትከሻውን ማየት ጀመረች፤ ከመሳቡ በፊት ቀኝ ትከሻው ከፍ ትላለችና። ሁለተኛው ተኩስ ገጠመ። ሦስተኛውም። በትዕይንቶቹ መካከል በተንበረከከችበት ከበሮውን ነቅላ ዘንጉን ትወለውላለች፣ ጥላሸቱ እንዳይዘው ግራሶ ትቀባዋለች፣ መልሳ ትገጥማለች። ጣቶቿ ጠቆሩ፤ ፊቷም ጠቆረ። ዮናታን ግን የሚይዘው ላስቲክ ስለሆነ ይሁን ሌላ ነገር ስለያዘው፣ ከትናንቱ ይልቅ ረጋ ብሎ ተጫወተ። ሽጉጡን በጣቱ ላይ ማሽከርከሩን ተወው። ውብነሽ ከፊት ረድፍ ሆነው ተኩስ በመጣ ቁጥር ጆሯቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ። ጎረቤቶቻቸው ሳቁባቸው። እሳቸው አልሳቁም።

ትርዒቱ አልቆ ጭብጨባው ሲያቆም ነሲባ ሽጉጦቹን አንድ በአንድ ከተዋንያኑ እጅ ተቀበለች። እያንዳንዱን ሰገባ ከፍታ፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ አይታ። ከዚያ ዕቃ ቤቱ ገብታ ፈታታቻቸው፤ ከበሮውን ለብቻ፣ ዘንጉን ለብቻ። ፍል ውሃ በሳሙና በጥብጣ አጠገቧ አስቀመጠች። የመጀመሪያው ከበሮ ሲገባ ውሃው ወዲያው ጠቆረ፣ የበሰበሰ እንቁላልም ሸተተ።

በሩ ተከፈተ። ዮናታን ነበር፤ ቀለሙን ከፊቱ አላጠበም። ውጭ የእናቱ ሰዎች አበባ ይዘው ይጠብቁታል፤ ስሙን ሲጠሩ ይሰማል። ገብቶ ከጠረጴዛው ማዶ ቆመ።

"ነገስ?" አለ።

ነሲባ ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ ቀልቷል። ዛሬ በደንብ ሠርቷል፤ ትምህርቱን አግኝቷል ብትል ማንም አይቃወማትም። ውብነሽም ወደ ቤታቸው ደስ ብሏቸው ይገቡ ነበር። እሺ የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ከበሮውን ከውሃው አውጥታ ጉድጓዶቹን በብሩሽ አንድ በአንድ አሸች፤ ከእያንዳንዱ የሚወጣው ገና ጥቁር ነበር።

"ነገም ላስቲኩን ነው የምትይዘው" አለችው።

"ከዚያስ በኋላ?"

"እሱን አላውቅም።"

እምቢ ይላል፣ በሩን ወርውሮ ይወጣል ብላ ጠበቀች። ዮናታን ውጭ ወደሚጠሩት ሰዎች ዞር አለ። መጣሁ፣ ቆይ አላቸው፤ በሩን ዘጋና የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ።

ነሲባ ሳፋውን ከፊቷ ገፍታ ጠረጴዛው መሐል አደረገችው፤ ብሩሽም አቀበለችው። ሁለት ሰው የሚያጥብበት ውሃ ቶሎ ይቀዘቅዛልና ተነስታ ማንቆርቆሪያውን እንደገና ጣደች።