በግራ አውራ ጣት

ሽማግሌው መስታወት ቆራጭ አብራው የምትሠራውን ምራቱን በሥራዋ ይወዳታል፤ ጨዋታ ላይ ግን አይገናኙም ነበር። ልጅቱ ጆሮዋ አይሰማም። ከባሏ ጋር በእጅ ምልክት ታወራለች፣ ከሌላው ሰው ጋር በስልክ መልእክት፤ ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ ከንፈር ታነባለች። አማቷ ምልክቱን ልማር አላለም። ሲያዛት ጣቱን ይቀስራል፣ ሲያመሰግናት ራሱን ይነቀንቃል፣ ሲቆጣ ፊቱን ያዞራል። ፊቱን ካዞረ ደግሞ ቁጣው ለማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ እሷ እንደሆነ አታየውም።

ያን ቀን የእረፍት ቀን ነበር። የግቢው ሱቆች ተዘግተዋል፤ የሚሠራው ከግድግዳው ማዶ ያለው ብረት ቤት ብቻ ነው። ብረት መቁረጫው በተነሳ ቁጥር ወለሉ በጫማዋ በኩል ይነዝራታል። አንድ ነጋዴ የሱቁ መስኮት ረግፎበት «ዛሬውኑ ድረሱልኝ» ስላለ ሁለቱ መጥተው ትልቁን መስታወት ከመደገፊያው አንስተው ወደ ጠረጴዛው ተሸከሙት። መሀል መንገድ ላይ ከአንዱ ጥግ ስንጥቅ ተነስቶ እንደ መብረቅ ወደ ላይ ሄደ። ላይኛው ግማሽ ተንሸራቶ ወረደ።

ሲሰበር አልሰማችም። ያየችው የአማቷ አፍ ሲከፈት ነው።

ተቀምጦ አገኘችው፤ ጀርባው ጠረጴዛው እግር ላይ ተደግፏል። ቀኝ ብብቱ ሥር ሸሚዙ ተቀዶ ደሙ በየልብ ምቱ ይፈናጠራል። ሽርጧን ገፍፋ፣ ጠቅልላ፣ በቀኝ እጇ ባላት ኃይል ተጫነችው። ክንዱ ላይ ቢሆን ጠምጥማ ታስረው ነበር፤ ብብት ግን ማሰሪያ አይይዝም። ልትነሳ ትንሽ ላላ ስታደርገው ደሙ ፊቷ ላይ ደረሰ። መልሳ ተጫነች። ከዚያ በኋላ እጇን ማንሳት የሚባል ነገር እንደሌለ ገባት።

ጮኸች። ድምፅ አላት፤ ምን ያህል እንደሚጮህ ግን ራሷም አታውቅም። ጎሮሮዋ እስኪቃጠል ጮኸች። ወለሉ ይነዝራል፤ ብረት ቤቱ ሥራ ላይ ነው። ማን ይሰማታል?

የሽማግሌው ስልክ በሩ ጀርባ በተሰቀለው ኮቱ ውስጥ ነው፤ ሰማይ ቤት እንዳለ ይቆጠራል። የእሷ ቀኝ ኪሷ ውስጥ ነው። ግራ እጇን በሆዷ ላይ አዙራ፣ ወገቧን ጠምዝዛ በሁለት ጣት ጎትታ አወጣችው። አሻራዋን አልቀበል አለ፤ ጣቷ ደም ነው። ሱሪዋ ላይ ጠርጋ የምስጢር ቁጥሩን ነካካች። ተከፈተ።

በአንድ እጅ መጻፍ ለእሷ አዲስ አይደለም። ልጇን ስታጠባ ቀኝ ክንዷ ትራስ ነበር፤ ያን ጊዜ ዓለምን ሁሉ የምታዋራው በግራ አውራ ጣቷ ነው። ስልኩን ትንሿ ጣቷ ላይ ታስቀምጣለች፣ ፊደሎቹን አጥብባ ወደ ግራ ጥግ ትሰበስባለች፣ አውራ ጣቷ ሳይንጠራራ ሁሉንም ይደርሳል። ትናንት ግን ባሏ ስልኳን ተውሶ «ይሄን የጉንዳን ፊደል!» ብሎ የፊደል ሰሌዳውን አስፍቶት ነበር። አሁን ቀኝ ዳር ያሉት ፊደሎች አይደረሱም። ብትንጠራራ ስልኩ ከእጇ ሊያመልጥ ነው።

ማጥበቢያውን እስክትፈልግ አልጠበቀችም፤ ለባሏ «አባባ ደማ» ብላ ላከች። መልስ የለም። አውቶቡስ ነጂ ነው፤ መሪ ላይ ሆኖ ስልክ አያይም። ራሷ ናት ያስማለችው።

ቀጥሎ የባሏ እህት። ይቺ መድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ ከሁሉ ቀድማ ተናግራ ከሁሉ ቀድማ የምትቆጣ ስለሆነች ቤተሰቡ «ጥድፊያ» ነው የሚላት። «አባባ» ብላ ጻፈችላት፤ የሚቀጥለውን ቃል ስትጀምር አውራ ጣቷ አዳልጦት መልእክቱ ሄደ። «አባባ» ብቻ።

ስልኩ በእጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ጥድፊያ እየደወለች ነው።

ደንግጣ መደወሏ ይሆናል፤ ድንጋጤ ማን ደንቆሮ፣ ማን ሰሚ መሆኑን ያስረሳል። ጥሪው ግን የምትጽፍበትን ሸፈነው። ዘጋችው። ሁለት ፊደል ጻፈች። ጥድፊያ እንደገና ደወለች። ዘጋችው። አንድ ፊደል። እንደገና! አንዷን ፊደል ለማውጣት መጀመሪያ ግዕዟን፣ ቀጥሎ ከዘሮቿ አንዷን መንካት አለባት፤ በሁለቱ መሀል ጥሪው ዘው ይላል። ሽርጡ በእጇ ሥር ይሞቃል፣ ይርሳል። የሽማግሌው ከንፈር አመድ መስሏል።

በመጨረሻ ጥሪውን አነሳችና ስልኩን አማቷ አፍ ላይ ደቀነች። ይናገር! ከንፈሩን አነበበች።

«ደህና ነኝ» አለ ሽማግሌው። «ምንም አልሆንኩም።»

ልታንቀው ምንም አልቀራት። ስልኩን መልሳ ጉልበቷ ላይ ስታኖረው ግን አንድ ነገር ልብ አለች፤ ጥሪው ክፍት እስከሆነ ድረስ ጥድፊያ እንደገና ልትደውል አትችልም። አልዘጋችውም። ወደ መልእክቱ ተመለሰች። የነጠላ ሰረዟን ቁልፍ ተጭና ቆየች፣ ምርጫው ብቅ ሲል አንዲት እጅ የምትመስለውን ነካች፤ ፊደሎቹ ጠበው እንደ ጫጩት ወደ አውራ ጣቷ ተሰበሰቡ።

«ውሸቱን ነው። መስታወት ብብቱን ቆርጦታል። ደሙ አይቆምም። መስታወት ቤት ነን። አምቡላንስ ጥሪ። ስልኩን አትዝጊ።»

ላከች። ስክሪኑን ብቻ እያየች ጠበቀች። ከዚያ በፊትም ሆነ ወዲህ ያን ያህል የረዘመ ጊዜ አላየሁም ትላለች።

«መጣሁ። ጠርቻለሁ። እንዳትለቂው።»

የሽማግሌው ዐይን መከደን ጀመረ። በትከሻዋ ገፋችው፤ ገለጠ፣ መልሶ ከደነ። እንደገና ገፍታው ሲገልጥ በአውራ ጣቷ ጽፋ ፊቱ ላይ ያዘችለት፦ «አይንዎን እንዳይጨፍኑ።»

አየው። ቅንድቡን ሰበሰበ።

«ዐይን» አለ ከንፈሩ ቀስ ብሎ፣ «በዐይኑ ዐ ነው የሚጻፈው።»

ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ነገር ከደረቷ ወጣ። አውቃ ፊደል ማሳሳት ጀመረች። «ፀሀይ» ብላ ጻፈችለት። አሳሳች፣ አረመ፤ አሳሳች፣ አረመ። እርማቱ እየዘገየ ሄደ። አንዱን ቃል ጭራሽ ሳያርመው ሲቀር ሁለቱንም ጉልበቶቿን መሬት ላይ ተክላ፣ የገላዋን ክብደት በሙሉ ቀኝ እጇ ላይ ጣለች። በሩ ተከፍቶ ብርሃን የገባው ያኔ ነው።

የአምቡላንሱ ሰዎች እጇን ከቁስሉ ያላቀቁት ጣት በጣት ነው፤ ደርቆ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ባሏ የነጂ ልብሱን እንደለበሰ እየሮጠ መጣና በምልክት «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» አላት። ልትመልስለት እጆቿን አነሳች፤ ቀኙ ገና አልተፍታታም፣ ግራው የታሰረ ያህል ከብዷል። ባሏ ሁለቱንም በእጆቹ መሀል ይዞ ያሻቸው ጀመር።

ጥድፊያ አጠገባቸው ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች። ቀና ብላ፣ ከንፈሯ በደንብ እንዲታይ ቀስ አድርጋ ተናገረች። «እንደዚያ ስደውልብሽ... እኔ ነበርኩ የምገድለው። ስልኩን ክፍት ስትተዪው ግን ሁሉንም ሰማሁ። መንገዱን ሙሉ ፊደል ሲያርምሽ እየሰማሁ ነው የመጣሁት። ዝም ሲል አባባ እያልኩ ስልኩ ላይ ጮኽኩ።»

ሐኪሙ ወጥቶ «ተርፏል፤ ደሙ ተይዞ ባይቆይ ኖሮ አይደርስም ነበር» አለ። ነርቩ ተጎድቶ ስለነበር የቀኝ እጁ ጣቶች ግን ከዚያ በኋላ መስታወት መቁረጫውን ጨብጠው አያውቁም። መቁረጡ የምራቲቱ ሆነ። ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያያል። ጣት መቀሰሪያውም ያው ቀኙ ነበርና፣ ለጊዜው ትእዛዙ ሁሉ ተቋረጠ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ በገዙለት አዲስ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ግራ አውራ ጣቱን ሲያንከላውስ አየችው። ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ በምላሱ ከንፈሩን ያርሳል። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ለማን ይጽፋል ስትል የእሷ ስልክ ተንቀጠቀጠ።

«መስማት ያቆምሽው ስንት ዓመትሽ ላይ ነው? ምን ሆነሽ?»

ስንት ዘመን አብረው ሲሠሩ ጠይቋት አያውቅም። ቀና ስትል ፊቱን አላዞረም፤ እየጠበቀ ነው። መቁረጫውን አስቀመጠች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና መጻፍ ጀመረች።