ማንም ያላነበበላት ገጽ

"ሬዲዮ" የሚሏት ልጅ ገጽ አሥራ ሁለትን ጮክ ብላ እያነበበች ሳለ ረዳት መምህርቷ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለጠችባት። ልጅቷ ግን አልተደናቀፈችም። የተገለጠው ገጽ ስለ ዝናብ ያወራል፤ እሷ ስለ ጥንቸሏ ቀጠለች።

ሰሌዳው ጋ የቆመችው የሁለተኛ ክፍል መምህርት ክው ብላ ቀረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምራለች። ይህችን የሰባት ዓመት ልጅ "ሬዲዮ" ያለቻት ራሷ ናት፤ አንዴ ከጀመረች ስለማታቋርጥ። ረዳቷ በንባብ ወደ ኋላ የቀሩትን እንድታግዝ ከተላከች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው፤ መምህርቷም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንደ ተቆጣጣሪ ታያት ነበር።

ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ረዳቷ ቀረብ አለች።

"በቃሏ ነው የያዘችው" አለች ቀስ ብላ።

"ደክሟት ይሆናል።"

"ቢሆን ደስ ባለኝ። እስኪ እርስዎ ራስዎ ይሞክሯት።"

መምህርቷ ሬዲዮን ከግቢው አስጠርታ ሰሌዳው ላይ "ሰበረ" ብላ ጻፈች። ልጅቷ ከጽሑፉ ይልቅ የመምህርቷን ፊት ማየት ጀመረች።

"በ... በላ?" አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ለእማዬ እንዳይነግሯት። እህቴ ታነብልኛለች፤ እኔ እይዘዋለሁ።"

"መጽሐፉን በሙሉ?"

"በሙሉ። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ ግን ሆዴን ያመኛል።"

መምህርቷ ያን የሆድ ሕመም ታውቀዋለች። በዚህ ዓመት ብቻ አራት ጊዜ ወደ ቤት ልካታለች።

እናትየው ልብስ ሰፊ ናት። ተደውሎላት በመውጫ ሰዓት ስትደርስ ክር የተጣበቀበትን የሥራ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም።

"ምን አጠፋችብኝ?"

"እሷ ምንም አላጠፋችም። ጥፋቱ የኔ ነው" አለች መምህርቷ። "ልጅሽ ገና ማንበብ አትችልም። እኔ ደግሞ ሳላውቅ ዓመቱን አጋመስኩት።"

እናትየው ከልጆቹ ወንበር በአንዱ ላይ ዘፍ አለች። "ክፍል ትደግማለች ማለት ነው?"

"አሁን ከያዝናት አትደግምም" አለች ረዳቷ። "በየቀኑ ሃያ ደቂቃ፣ ከሦስት ልጆች ጋር፣ እዚሁ ክፍሏ ውስጥ እናሠራታለን።"

እናትየው አጠገቧ የቆመችውን ልጇን አየት አደረገች። "እኔኮ የመድኃኒቱን ወረቀት አንብቢልኝ ስላት ጥላኝ ትሮጣለች። ንቃኝ መስሎኝ ስንቴ ተቆጣኋት።" ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበቻት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። ሬዲዮ ዝም አለች። "ሰ"ን ከ"በ" እየለየች፣ ጣቷን ከፊደል ፊደል እየጎተተች፣ አንዳንዴም ተናዳ ደብተሩን እየዘጋች ቆየች። መምህርቷ የሌሎቹን ትምህርት ከፊት ትመራለች፤ ጆሮዋ ግን ኋላ ነው።

በሰባተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ ረዳቷ እሽጉ ያልተፈታ አዲስ መጽሐፍ ፈትታ ለሬዲዮ ፊቷ ዘረጋችላት።

"ደ... መ... ና... ው። ደመናው።" ጣቷ ቀጣዩ ቃል ላይ ቆመ። አጠገቧ ያለው ልጅ ሊነግራት አፉን ሲከፍት መምህርቷ ከሩቅ በእጇ ከለከለችው። ክፍሉ ሁሉ ጠበቀ።

"ከ... በ... ደ። ደመናው ከበደ።"

አንዷን ገጽ ለመጨረስ አሥር ደቂቃ ፈጀባት። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ቲቸር፣ ይቺን ማንም አላነበበልኝም" አለች።

መምህርቷ ሳቀች፤ ዓይኗንም በእጇ ጀርባ ጠረገች። ከልቧ ላይ ድንጋይ የተነሳላት ያህል ቀለላት።

ልጆቹ ሲወጡ ወደ ረዳቷ ዞረች። "ነገ የክፍሉን ትምህርት ከፊት ሆነሽ አንቺ ምሪው።"

"እርስዎስ?"

"እኔ ከአራቱ ጋር እቀመጣለሁ። ሲያቅታቸው እንዴት እንደምትይዣቸው አሳዪኝ፤ የሚቀጥለው ዓመት ልጆች እስኪያታልሉኝ አልጠብቅም።"

ቦርሳዋንም ከፊተኛው ጠረጴዛ አንስታ ኋላ፣ ከትንንሾቹ ወንበሮች ባንዱ ላይ አስቀመጠች።